ከእባቡ በፊት ቤቱ ይቅደም

ባለፈው እትም በዚሁ ሰሌዳ ላይ ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ መቅጠን የወጣውን ጽሑፍ አንብበን ስቀናል፤ የዛሬው የእኛ አስተያየት ግን ስለ እባብ ነው። «ኧረ ብለው ብለው እባብ!» የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። እኛም ከጥቂት ሳምንታት በፊት ያልነው ይህንኑ ነበር።

የነገሩ መነሻ በግንቦት ወር የሆነው ነው። ልደታ ተከብራ፣ የንፍሮው ወሬ ገና ሳይበርድ፣ ዝናብ ሁለት ቀን በላይ በላዩ ጣለ። በሦስተኛው ቀን ከቤተ ሙከራው ጀርባ ያለውን የዕቃ ግምጃ ቤት እንድንጠርግ ተመደብንና የተሰባበሩ ዴስኮች ስናነሣ አንድ እባብ ወጣ። ቡናማ ነው፤ ርዝመቱ ከአንድ ክንድ ብዙም አይበልጥም። ሊሸሽ ፈልጎ ወደ ግድግዳው ጥግ ተጠጋ። ከመካከላችን አንዱ «እባብ!» ብሎ ጮኸ፤ ሌሎቻችን ድንጋይም፣ የመጥረጊያ እጀታም፣ የተሰበረ የዴስክ እግርም ይዘን ተረባረብን። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ምን ዓይነት እባብ እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ጥያቄው የመጣው ከሞተ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ራሱ ተቀጥቅጦ ስለ ነበር ከሥዕል ጋር እንኳ ማስተያየት አልተቻለም። የግቢው ጥበቃ አባባ መጥተው አዩና «ደግ አደረጋችሁ ልጆቼ» ብለው በእንጨት አንሥተው ጣሉት።

እንግዲህ እኛ ማን ነን? የነገ የሳይንስ መምህራን ነን። በዚያው ወር ለማስተማር ልምምድ በተላክንበት ትምህርት ቤት፣ አምስተኛ ክፍል ውስጥ፣ በደረታቸው ስለሚሳቡ እንስሳት ስናስተምር አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ መርዙ ያለው ምላሱ ላይ ነው አይደል?» ብላ ጠየቀች። ሰሌዳው ፊት የቆመው ጓደኛችን ዝም አለ። ኋላ ተቀምጠን የምንመዘግበው እኛም ዝም አልን። «በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እንመለስበታለን» ተብሎ ታለፈ። እውነቱን ለመናገር ከሆነ አልተመለስንበትም። በጠመኔ የሣልነው እባብም የዓይን ቆብ ነበረው፤ ያውም ከነቅንድቡ!

የእባብ ምላስ አይነድፍም። እባብ ምላሱን የሚያወጣው ሽታ ለመልቀም ነው፤ የለቀመውንም በላንቃው ላይ ወዳለ የማሽተቻ አካል ያደርሳል። ጫፉ ሁለት መሆኑ ሽታው ከቀኝ ይሁን ከግራ እንዲለይ ይረዳዋል። መርዝ ያለው እባብ ቢሆን መርዙ የሚወጣው በጥርሱ ነው። የዓይን ቆብ የለውም፤ ዓይኑን የሚሸፍነው ብርሃን አሳላፊ ቅርፊት ነው፤ ቆዳውን ሲገፍፍ አብሮ ይገፈፋል። ይህን ሁሉ ያወቅነው ልጅቱ ከጠየቀች በኋላ ነው። መጽሐፍ ውስጥ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም፤ እኛ ፈርተን ገጹን ቶሎ ስለምንገልጠው ነው።

የእፉኝትንም ነገር እንውሰድ። «የእፉኝት ልጅ» የሚለው ስድብ የማያውቀው የለም። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ ደግሞ እፉኝት ስትወልድ ልጆቿ ሆዷን ቀድደው እናታቸውን ገድለው ይወጣሉ ይላል። እፉኝት የምንላት ወፍራሟ እባብ እንደ ሌሎች ብዙ እባቦች እንቁላል አትጥልም፤ ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለች። በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 40 የሚደርሱ ልጆች መውለዷ የተለመደ ነው። እናቲቱ አትሞትም። የጥንቱ ሰው ልጆቹ በሕይወት ሲወጡ አይቶ ይሆናል፤ ቀሪውን ፍርሃት ጨመረበት ብለን እንገምታለን። ታዲያ አስተማሪም ያንኑ ተረት ይዞ ክፍል ከገባ ምኑን አስተማሪ ሆነ?

ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የእባቡ መገደል በመኝታ ቤት ክርክር አስነሣ። ያን ጊዜ ከመካከላችን አንዷ በአሜሪካ ቨርጂኒያ የምትኖር እኅቷ የ11 ዓመት ልጅ እባብ እንዳለው ነገረችን። ማን ያምናል? ማታ በስልክ ደወለችና በምስል አሳየችን። ልጁ ብርቱካንማ መልክ ያለው፣ ቀይ ጉብታ ጉብታ ነጥብ የተነጠበበት ቀጭን እባብ በክንዱ ላይ ጠምጥሞ ይስቃል። «የበቆሎ እባብ» ይሉታል። በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ የሚኖር፣ መርዝ የሌለው፣ አይጥ እየጠመጠመ የሚበላ ነው። ስሙን ያገኘው በበቆሎ ጎተራ ዙሪያ አይጥ ሲያድን ስለሚገኝ ነው የሚሉ አሉ፤ የሆዱ ጥቁርና ነጭ ሰንጠረዥ ዥንጉርጉር በቆሎ ስለሚመስል ነው የሚሉም አሉ። ካደገ ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይሆናል፤ በደህና ከተያዘ 15፣ 20 ዓመት ይኖራል። በዓለም ላይ እባብ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያኖር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በእሱ ነው።

እኛን የገረመን ግን እባቡ አልነበረም፤ እናትየዋ ያለችው ነው። ልጁ ሲለምናት «እሺ፣ ግን መጀመሪያ ቤቱን ሥራ» አለችው። ሠራ። «አሁን ደግሞ ባዶውን ቤት አንድ ወር ጠብቅ» አለችው። ልጁ በየቀኑ ጠዋትና ማታ የባዶውን ሳጥን ሙቀት ጻፈ፤ ውኃ ቀየረ፤ መዝጊያውን ፈተሸ። እባቡ የገባው ከወር በኋላ ነው። «እኔማ እስካሁን አልነካሁትም፣ አልነካውምም!» አለችና ሳቀች።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ይኸው ነው። ለተቋማችን የሳይንስ ማዕዘን የእባብ ቤት ይሠራ እንላለን፤ ነገር ግን ቤቱ ባዶውን ክረምቱን ይክረም፤ ባዶ ሳጥን በትክክል መጠበቃችን ሳይታይ እባብ አይጠየቅ እንላለን።

ይህን የምንለው ለጨዋታ አይደለም። ባለፈው ዓመት ማዕዘኑ ውስጥ ኤሊ እንደነበረች የዘነጋ ካለ እናስታውሰው። ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ የመጣ ሠልጣኝ በካርቶን ይዟት መጣ። ፈቃድ የጠየቀ የለም። በመጀመሪያው ሳምንት ጎመን የሚያመጣላት ብዛቱ! ፎቶ ያልተነሣ ሰው አልነበረም። የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ሲደርስ ሁላችንም ሻንጣችንን ይዘን ሄድን። እያንዳንዳችን ሌላው ያያታል ብለን ነበር። ስንመለስ የውኃዋ ጣባ ደርቆ፣ እሷም ጥግ ውስጥ ደርቃ አገኘናት። የሁሉም የነበረችው ኤሊ የማንም ሳትሆን ቀረች። በዚህ የሚወቀስ ሌላ ሰው የለም፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ስሟ እንኳ በየትኛውም መዝገብ ላይ አልተጻፈም።

እንግዲህ ቤቱ ምን ይመስላል? ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱና ቁመቱ 50 ሳንቲም የሆነ ሳጥን ይበቃል፤ እባቡ ሲዘረጋ አካሉ እንዳይታጠፍ ርዝመቱ አይቀነስ። ሦስቱ ጎኖች ከችፑድ፣ ፊቱ ከመስተዋት ይሁን። ምናለሽ ተራ የተጣለ የሱቅ መስተዋት ሣጥን ካገኘን ደግሞ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው። አየር ማስገቢያው ላይ ደቃቅ የሽቦ ወንፊት ይመታ። እባብ ራሱ የሚያልፍበት ቀዳዳ ካገኘ ሌላው አካሉ ይከተላል፤ ስለዚህ በእርሳስ ውፍረት የሚሆን ክፍተት እንኳ አይቀር። መዝጊያው በጓጉንቸር ይቆለፍ። ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይሁን፤ ያ ሰው ታሞ ቢተኛስ?

ወለሉ ላይ ጋዜጣ ይነጠፋል። (የዚህ ሰሌዳ የቆዩ እትሞች በመጨረሻ ጥቅም አገኙ የሚል ቀልደኛ አይጠፋም።) ሰጋቱራም ይሆናል፤ ሽታው የሚከነክነው የጽድ ሰጋቱራ ግን አይሁን። ከባድ የውኃ ጣባ ይቀመጥ። መደበቂያው ሁለት ይሁን፤ አንዱ በሞቃቱ ጫፍ፣ ሌላው በቀዝቃዛው ጫፍ። የተሰበረ የእንስራ ገል ተደፍቶ በቂ ነው፤ ጠባብ ሲሆን ይመረጣል፣ እባብ ጀርባውና ጎኑ ሲነካለት ይረጋጋልና። አንድ መደበቂያ ብቻ ቢኖር ግን እባቡ ከሙቀትና ከመደበቂያ አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል፤ ብዙ ጊዜ መደበቁን መርጦ ይበርደዋል።

ከባዱ ነገር ሙቀት ነው። እባብ ሙቀቱን የሚያገኘው ከውጭ ነው። የሳጥኑ አንድ ጫፍ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ፣ ሌላው ጫፍ ከ22 እስከ 24 ዲግሪ ሲሆን እባቡ ራሱ እየተዘዋወረ የሚስማማውን ይመርጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ የክረምቱንም ቀን እዚህ ልደታ ያለ ሰው ያውቀዋል። በልቶ የበረደው እባብ ምግቡን መፍጨት ያቅተዋል፤ ይተፋዋል፤ ሲደጋገም ይሞታል። ስለዚህ ከሳጥኑ በላይ፣ ከወንፊቱ ውጭ፣ የድሮው ዓይነት የሚሞቅ አምፖል ይሰቀል፤ ኤልኢዲው ብርሃን እንጂ ይህን ያህል ሙቀት የለውም። ለጫጩት መፈልፈያ የሚውለው ዓይነት የሙቀት መቆጣጠሪያም ይገጠምለት። ታዲያ መብራት ሲጠፋስ? ሃይላንድ ሙቅ ውኃ ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ማስገባት ነው። ይህን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥቶ የሚያደርግ ሰው አለ ወይ? የባዶው ሳጥን ፈተና ይህ ነው። መብራት በጠፋ ሌሊት ማን እንደተነሣ መዝገቡ ይናገራል።

ሌላም አለ። እባብ ማኖር ማለት አይጥ ማርባት ማለት ነው። ያደገ እባብ በ10 ወይም በ14 ቀን አንድ ጊዜ፣ ትንሹ ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ ይበላል። ከምግብ ቤቱ ጓዳ በወጥመድ የተያዘች አይጥ ትሰጠው እንዳንል የአይጥ መርዝ ቀምሳ ከሆነ እባቡንም ትገድለዋለች። በሕይወት ያለች አይጥ ሳጥን ውስጥ መጣልም አይገባም፤ ነክሳ የምታቆስለው ብዙ ጊዜ ነው፣ ለአይጧም ጭካኔ ነው። ስለዚህ አይጦች በንጽሕና ተረብተው፣ ሳይሠቃዩ ተገድለው ይሰጡታል። ይህን ማድረግ የሚከብደው ሰው ከአሁኑ ቢናገር ክብር አለው። ከመካከላችን ሁለቱ ተናግረዋል፤ የሙቀት መዝገቡን ብቻ ሊይዙ ተስማምተዋል።

አሁን ደግሞ የትኛው እባብ? አንዳንዶች የበቆሎ እባብ ከአሜሪካ ይምጣ ብለው ነበር። እኛ አንስማማም። የሌላ ሀገር እንስሳ አምልጦ ሲራባ የሚያደርሰው ጥፋት ቀላል አይደለም። የበቆሎ እባብ ራሱ በኬይማን ደሴቶች እንግዳ ሆኖ ገብቶ ተራብቷል። በፓስፊክ ውቅያኖስ በምትገኘው በጉዋም ደሴት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጭነት ውስጥ ተደብቆ የገባ ሌላ የእባብ ዓይነት ከደሴቲቱ 12 የጫካ ወፍ ዝርያዎች 10ሩን አጥፍቷል። ደግሞስ ምን ቸገረን? በሀገራችን ቡናማው የቤት እባብ አለ። መርዝ የለውም፤ በሌሊት ይወጣል፤ አይጥ ይበላል፤ አንድ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ሰው ጎጆና ጎተራ አጠገብ መኖር ይወዳል። በውጭ ሀገርም ለጀማሪ ከሚመከሩት እባቦች አንዱ ነው። ከዚህም ሌላ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኙ እባቦች አሉን። የአሜሪካውን በስልክ እያየን የራሳችንን በዴስክ እግር እንቀጠቅጣለን። በግንቦት የገደልነው የትኛው እንደነበር ዛሬም አናውቅም፤ ይህ ነው የሚቆጨን።

ይሁን እንጂ ማንም ተነሥቶ ከአጥር ሥር እባብ ይያዝ ማለታችን አይደለም። በመጀመሪያ ነገር ሕግ አለ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። የኤሊዋን ስሕተት እንዳንደግም ጥያቄያችን በጽሑፍ ወደ ኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን መሄድ አለበት። ሁለተኛ፣ ከእኛ ውስጥ እባብ ለይቶ የሚያውቅ የለም። አራት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ እንስሳት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ። ከባቡሩ ወርዶ ታክሲ መያዝ ነው። የእባብን መልክ መለየት የሚጀመረው ከማይነክሰው ነው።

ከተቃዋሚዎቻችን ሁሉ የከበደን የአንዲት ሠልጣኝ ጥያቄ ነው። «እሺ፣ ልጆቹ እባብ አይፈራም ብለው ከሰፈር እፉኝት ይዘው ቢመጡስ?» አለች። ይህን በቀልድ ልናልፈው አንችልም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 የእባብ መርዝን ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚደርስ ሰው ይሞታል ተብሎ ይገመታል። በመተማና በሁመራ ቆላ ሰሊጥ የሚያጭዱ የቀን ሠራተኞች ይህን ከእኛ በተሻለ ያውቁታል። ከእኛ ውስጥም ተመርቆ ቆላ የሚመደብ አለ።

ስለዚህ በመጀመሪያ «ልጆች ይዳስሱት» ብለን ያዘጋጀነውን ዕቅድ ሰርዘናል። ልጅ አይነካውም። መስተዋቱ ተቆልፎ ይታያል። የመጀመሪያው ትምህርት «እባብ ስታዩ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ትልቅ ሰው መጥራት» የሚል ይሆናል። ሁለተኛው፣ ሰው ቢነደፍ ቁስሉን መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ አጥብቆ ማሰር እንደማይገባ፤ የተነደፈውን አካል ሳያንቀሳቅሱ በፍጥነት ሐኪም ቤት ማድረስ እንደሚገባ ነው። ሦስተኛው እጅ መታጠብ ነው፤ በደረታቸው የሚሳቡ እንስሳት ሳልሞኔላ የተባለውን ተህዋሲ ይዘው ሊገኙ ይችላሉና ሳጥኑን ያጸዳ ሰው ሳይታጠብ እንጀራ አይቆርስም። ጠያቂዋ በዚህ ሙሉ በሙሉ ረክታለች አንልም። ጥያቄዋ ግን ዕቅዳችንን አሻሽሎታል፤ መዝገብ ያዥ እንድትሆንም ለምነናታል።

የግቢው ጥበቃ አባባም አላመኑንም። «እባብ ያየ በልጥ በረየ ሲባል አልሰማችሁም? እናንተ ደግሞ ቤት ልትሠሩለት!» አሉን። «አባባ፣ እርስዎ በሌሊት ሲዞሩ አምፖሉ መጥፋቱን ቢያዩልን ይበቃናል» አልናቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ውስጡ ምንም የለም አይደል?» ብለው ጠየቁ። የለም አልናቸው። «እንግዲያው አያለሁ» አሉ።

በልምምድ ትምህርት ቤቱ ያቺን ልጅ በሚቀጥለው ዓመት አናገኛት ይሆናል። መልሱን ለክፍሏ መምህር ጽፈን ልከናል።

ሳጥኑ በመጪው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መሠራት ይጀምራል፤ መጋዝና መዶሻ ያለው ይዞ ይምጣ። የሙቀት መመዝገቢያው ወረቀት ከዚህ ጽሑፍ በስተቀኝ ተለጥፏል። ሳጥኑ ሳይሠራ ለልምምድ ያህል የማዕዘኑን ሙቀት መመዝገብ ጀምረናል፤ ዛሬ ጠዋት 16 ዲግሪ ነበር። ከሥሩ የክረምቱ ተረኞች ዝርዝር አለ። አዲስ አበባ የሚከርሙ ሠልጣኞች ስማቸውን እየጻፉ ነው፤ ሐምሌ ሞልቷል። የነሐሴ ሁለተኛና ሦስተኛ ሳምንት፣ የፍልሰታ ሰሞን፣ ገና ባዶ ነው።